ከደጋ ወርዶ ፍል ውሃ መግባት፣ ሞቆም መመለስ

ደብረ ብርሃን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ጠዋት የቧንቧ ውሃ እጅ አያስነካም። በእነዚህ ወራት ጉልበቱን እያሸ የሚነሳ ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። እኛ ቤት እቴቴ አሉ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ የመንዝ ሰው። ቁርጥማቱ ገና መስቀል ሳያልፍ ይጀምራቸውና "ልጄ፣ ያቺ ውሃ አለች?" ይሉኛል። "የት ትሄዳለች?" እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።

እስካሁን ስድስት ጊዜ ይዣቸው ወርጃለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ያልሠራሁት ስህተት የለም። ፍል ውሃ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ስለ መግባቱ ነው። ስንት ደቂቃ፣ በቀን ስንቴ፣ ለስንት ቀን። እኔን አሁን የሚያስጨንቀኝ መውጣቱና መመለሱ ነው። ቆላ ላይ ሞቆ የተፍታታ ሰውነት በሁለት ሰዓት ውስጥ ደጋው አፋፍ ላይ፣ ጣርማ በር ጉም ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ እናት፣ አክስት ወይም አባት ይዛችሁ ለምትወርዱ ነው። ጎረምሳ ከሆናችሁ ግማሹን ዝለሉት። ስለ ውሃው ሙቀት የጻፍኩትን ግን አትዝለሉ።

መጀመሪያ፦ የትኛው ውሃ?

ከደጋችን ፍል ውሃ ፍለጋ የሚኬደው ቁልቁል ነው። ጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ ከእግራችሁ ሥር የሚወርደው ገደል የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በዓለቱ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። መሬት ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይሞቃል፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የሞቀው ውሃ በሌላ ስንጥቅ ሽቅብ ይወጣና ቆላው ላይ ይፈልቃል። ይህን ለእቴቴ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና "ታዲያ የገዛ ዝናባችንን ነዋ በገንዘብ የምንገባው!" አሉ።

ከብርድ ሸሽቶ ወደ ፍል ውሃ መውረድ ለሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባ የተባለችው ያኔ ነው። ያ ፍል ውሃ ዛሬም አለ። ክፍል ይዞ፣ ተራ ጠብቆ፣ ታጥቦ መውጣት ለሚፈልግ ምቹ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መንገዱም ቀላል ነው። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ወንዝ ዳር ነው። ልጆች ካሏችሁና መዋኛ ከፈለጋችሁ እዚያ ሂዱ። በደሴ መንገድ ለሚሄድ ደግሞ ከሚሴን አልፎ ሐርቡ አጠገብ የቦርከና ፍል ውሃ አለ።

እኛ የምንሄድባት ይፋት ቆላ ውስጥ ያለች፣ ሆቴል የሌላት ትንሽ ውሃ ናት። ስሟን አልጽፍም። አራት ሰው ከገባባት ሞላች፤ እቴቴም አምስተኛ መሆን አይወዱም። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ውሃዎች በየቆላው አሉ። የሚገኙት በመጠየቅ ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ማንጎ የሚሸጡ የቆላ ሰዎችን ጠይቁ፤ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ውሃውን ስትመርጡ ማጣራት ያለባችሁ አራት ነገር ነው። ሴትና ወንድ የሚገቡት በተራ ነው ወይስ ገንዳው ለየብቻ ነው? ማደሪያ አለ? ከመኪና መውረጃው እስከ ውሃው በእግር ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ቦታው ጠበል ነው ወይስ ተራ ፍል ውሃ? ሦስተኛውን ስትጠይቁ የአገሬው ሰው "እዚችው ናት" ይላችኋል። አትመኑ። "ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት በስንት ሰዓት ትደርሳለች?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ይለወጣል።

መንገዱንም ጠይቁ። ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ በሚችልበት ጊዜ ላይ ነን። መናኸሪያ ሄዳችሁ፣ ትናንት ወርዶ ዛሬ የተመለሰ ሾፌር ፈልጋችሁ አነጋግሩ። "ሰላም ነው፤ ግን…" ካለ "ግን" የሚለውን ሰምታችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። ውሃው የትም አይሄድም።

ሐኪም ጋ ቅረቡ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኛም በመጀመሪያው ጉዞ ዘለነዋል። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል። የደም ሥር ሲሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብም በፍጥነት ትመታለች። ለጤነኛ ሰው ይህ ደስ የሚል ድካም ነው። የግፊት መድኃኒት ውጦ ለሚገባ ሰው ግን መድኃኒቱም ያወርዳል፣ ውሃውም ያወርዳል። ሁለቱ ሲደማመሩ ሰው ይወድቃል።

የልብ ሕመም ያለበት፣ ግፊቱ አልስተካከል ያለው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ትኩሳት ወይም ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ሐኪም ሳይፈቅድ አይግባ። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። የደነዘዘ እግር ውሃው እያቃጠለው እንኳ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ሙቀቱን የምትለኩለት እናንተ ናችሁ።

ሌላው ትልቁ ነገር፦ ፍል ውሃ ስለገቡ መድኃኒት አይቆምም። የግፊትም፣ የስኳርም፣ የቲቢም፣ የኤች አይ ቪም። "ውሃውና ኪኒኑ አይስማሙም" የሚል ሰው እዚያ አታጡም። እቴቴን አንዲት ሴትዮ እንዲሁ ሲመክሯቸው፣ እቴቴ ኪኒናቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው እዚያው ፊታቸው ዋጡ። "ውሃውንም እግዜር ሰጠ፤ ይሄንንም የሠራውን ሰው እግዜር ፈጠረው" አሏቸው። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

መቼ ይወረዳል?

ክረምቱን እርሱት። ጣርማ በር በጉም ይዘጋል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ፍል ውሃውም በጎርፍ ይደፈርሳል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ደግሞ ቆላ ላይ የወባ ወቅት ነው። እኛ የምንወርደው ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ነው፤ ደጋው በውርጭ ሲብስ ቆላው የሚመችበት ጊዜ ነው። ያኔም ቢሆን አጎበር እንይዛለን። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሂዱና "ቆላ ወርጄ ነበር" በሉ። እናንተ ካልነገራችሁት ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላል።

ከሳምንቱ መሀል ቀን ምረጡ። ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል። የገበያ ቀን ደግሞ መኪናው ይጨናነቃል።

ጓዝ

የኛ ጓዝ ሁለት ፌስታል ነው። አንዱ የውሃው፣ ሌላው የመመለሻው።

የውሃው ፌስታል ውስጥ ሁለት አሮጌ ነጠላ ወይም ሽርጥ (አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይለበሳል)፣ ፎጣ፣ የማያንሸራትት የላስቲክ ጫማ፣ ቫዝሊን፣ መጠጫ ኩባያና የሚጠጣ ውሃ ይገባል። ውሃው ብዙ ይሁን፤ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር አስቡ። እኔ በጄሪካን እሞላለሁ። ከምግብ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ጨው የነካው ነገር ይኑርበት፤ ላብ ጨው ይዞ ይወጣልና።

የመመለሻው ፌስታል ውስጥ ደረቅ የውስጥ ልብስ፣ ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የራስ መሸፈኛና ጋቢ አለ። ይህ ፌስታል ደብረ ብርሃን ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና የመመለሻው ቀን እስኪደርስ አይፈታም። "ለአንዴ ብቻ ጋቢውን ላንጥፈው" የሚል ይመጣል። እምቢ በሉ። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዝርዝር ብር ያዙ። ኔትወርክ በሌለበት ቴሌብር አይሠራም።

መውረድ

ከደብረ ብርሃን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ቦታ ምርጫ ካላችሁ ለታማሚዋ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ያዙላት። የኋላው ወንበር ጉልበት ያጥፋል፤ ጉዞውም ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል። ረዳቱን በፈገግታ "ወንድሜ፣ እናቴ ጉልበቷን ያማታል" ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጉዶ በረትን አልፋችሁ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን፣ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ስትወጡ ሌላ አገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ላይ። በአንድ ጠዋት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ትወርዳላችሁ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ አየሩ አሥር ዲግሪ ያህል ይሞቃል።

ጆሮ ይደፈናል። መድኃኒቱ ደብረ ሲና ላይ በመስኮት ይሸጣል፤ ቆሎ ነው። ስታኝኩ ጆሮ ይከፈታል። እቴቴ ጥርሳቸው ቆሎ ስለማይችል ማስቲካ እገዛላቸዋለሁ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚያኝኩት። "ሰው ምን ይለኛል" ይላሉ።

አርማንያን ስታልፉ ሹራብ አውልቁ። አሁን መጠጣት ጀምሩ። ሰው ፍል ውሃ ሲገባ ነው ላብ የሚያልበው ብሎ ያስባል፤ የደጋ ሰው ግን ከመኪና ሳይወርድ ነው የሚደርቀው።

ውሃው ጋ ስትደርሱ

አትግቡ። ደርሶ ዘሎ መግባት የኛ ሰው ትልቁ ስህተት ነው። ጥላ ፈልጉ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቀለል ያለ ነገር ቅመሱ። ሆድ ሞልቶም፣ ባዶ ሆድም አይሆንም። አረቄ ወይም ጠላ የቀመሰ ሰው ጨርሶ አይግባ።

ቦታው ጠበል ከሆነ ደንቡ ሌላ ነው። በባዶ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጫማ ይወለቃል፣ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ አትገባም፣ የሚያጠምቁት አባት ያሉት ይደረጋል። ያኔ ቶሎ ጨርሳችሁ ውጡና ብሉ። ይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚኖርበት አገር ነው። ውሃው ዳር የሚሰግድ፣ የሚጸልይ ሰው አለና ድምፅ ቀንሱ፣ ፎቶ አታንሱ። ሳሙና ገንዳው ውስጥ አይገባም። ልብስ የሚታጠበው ውሃው ከሰው አልፎ በሚፈስበት ታች ነው።

አሁን ውሃውን እዩት። ምንጩና መታጠቢያው አንድ አይደሉም። ምንጩ ላይ ልጆች እንቁላል በማዳበሪያ ጨርቅ አንጠልጥለው ሲቀቅሉ ካያችሁ፣ ያ ውሃ ከ60 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከዚያ በታች እንቁላል አይረጋም። 60 ዲግሪ ደግሞ የሰው ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ይልጣል። ምንጩ ዳር ያለው ጭቃም ደረቅ ይመስልና ይከዳል። አሮጊትና ሕፃን ወደ ምንጩ አይቅረቡ።

መታጠቢያው የሚፈለገው ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እናት የሕፃን ገላ ስታጥብ እንደምታደርገው አድርጉ። ክርናችሁን ንከሩና ቀስ ብላችሁ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። ክርኑ "ደስ ይላል" ካለ ጥሩ ነው። "ልውጣ" ካለ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀላቀልበት ወይም ከምንጩ ራቅ ወዳለው ጫፍ ሂዱ። መዳፋችሁን አትመኑ። እንጀራ ስትጋግር የኖረች እጅ ምን ታውቃለች?

ሽታው የተበላሸ እንቁላል ከሆነ ድኝ አለበት ማለት ነው። ሜዳ ላይ ችግር የለውም። በተዘጋ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ግን ያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። የሚያሳስተው ደግሞ አፍንጫ ቶሎ ይለምደዋል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። በሩን ገርበብ አድርጉ፤ ራስ ምታት ወይም ዓይን ማቃጠል ከጀመረ ውጡ። ብር ጌጥ አውልቁ። የእቴቴ የማተብ መስቀል በመጀመሪያው ቀን እንደ ከሰል ጠቁሮ ሲወጣ "ይሄ ሁሉ ኃጢአት የኔ ነው?" ብለው ደነገጡ። ድኝ ብርን ያጠቁራል እንጂ ኃጢአት አይደለም ብዬ ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

መግባት

እግር፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ። በየደረጃው አንድ ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ሐኪም ፈቅዶለት ለሚገባ የልብ ሕመምተኛ ወገብ ይበቃል። ለሌላው እስከ ደረት። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ቀን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ከተስማማ በማግስቱ 15። ከ20 ደቂቃ በላይ አሮጊት አታስቀምጡ። እቴቴ የስልኬን ሰዓት አያምኑም፤ በመቁጠሪያ ነው የሚለኩት። በኔ ልኬት አቡነ ዘበሰማያትን ረጋ ብለው ሃያ ጊዜ ሲደግሙ አሥር ደቂቃ ይሆናል። አንዳንዴ የሚደግሙትን ሲያረዝሙብኝ ይገባኛል።

ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ውሃ ሰውነትን ያቀላል፤ እስከ ወገብ የገባ ሰው እግሩ ላይ የሚያርፈው ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ነው፣ እስከ አንገት የገባ ደግሞ አንድ አሥረኛ ገደማ። መሬት ላይ የማይታጠፍ ጉልበት ውሃ ውስጥ ይታጠፋል። ስለዚህ ጠርዙን ይዘው ጉልበታቸውን እንዲያጥፉና እንዲዘረጉ፣ በቁርጭምጭሚታቸው ክብ እንዲሠሩ፣ ከቻሉም አምስት እርምጃ እንዲራመዱ አድርጉ። እኔ ከሙቀቱ እኩል የጠቀማቸው ይህ ይመስለኛል። እቴቴ ውሃ ውስጥ ሲራመዱ እንደ ልጃገረድ ይስቃሉ።

ራስ ውሃ ውስጥ አይዘፈቅም። ሞቅ ያለ፣ የቆመ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃ ጀርም ሊኖር ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ሲያጋጥም ግን ይገድላል። በኩባያ ትከሻ ላይ ማፍሰስ ይበቃል።

መጠጣትስ? በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብዙ ፍል ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የቆላ ልጆች ጥርስ ቡና ቀለም የሚይዘው ከዚህ የተነሳ ነው። በመፍላትም አይጠፋም። ለእምነት አንድ ጉንጭ ከሆነ የናንተ ጉዳይ ነው፤ በጄሪካን ሞልቶ ወስዶ ለልጅ ማጠጣት ግን ይቅር።

መውጣት

የመጀመሪያውን ጉዞ ልንገራችሁ። እቴቴ ገብተው ተመቻቸው። ዳር የተቀመጡት ሴቶች "ተያት፣ ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ እስኪል ነው" አሉኝ። ተውኳቸው። አርባ ደቂቃ ሆነ። "በቃኝ" ብለው ብድግ አሉ። ሁለት እርምጃ ሄዱና "አንቺ ልጅ፣ ዓይኔን ጨለመኝ" አሉ፤ ከነክብደታቸው ላዬ ላይ ወደቁ። ከዚያ ግርግር ሆነ። አንዷ በነጠላ ታራግባለች፣ አንዷ ክብሪት ጭራ አፍንጫቸው ላይ ታስጠጋለች፣ አንዷ "አስቀምጧት!" ትላለች፣ ሌላዋ "አቁሟት!"። እኔ አለቅሳለሁ።

ሰው ሲወድቅ ክብሪት አያሻውም። አግድም አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉት፣ አካባቢውን አስለቅቁ። ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይነቃል፤ ሲነቃ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። ካልነቃ፣ ወይም ደረቱን ካመመው፣ ወይም አፉ ከተጣመመ ወደ ጤና ተቋም በፍጥነት ውሰዱት።

ውሃ ውስጥ ሳላችሁ ውሃው እግራችሁን ከውጭ ይጫነዋል፣ ደሙንም ወደ ላይ ይገፋዋል። ድንገት ስትቆሙ ያ ግፊት ይጠፋና ደሙ ሁሉ ወደ እግር ይወርዳል። ስለዚህ መውጣት ሦስት ቦታ ላይ ቆም እያሉ ነው። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፣ እግር ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ እግር አውጥታችሁ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ሰው ይዟችሁ ቁሙ። እርጥቡ ነጠላ ወዲያው ይውለቅ፣ ደረቁ ይልበስ። ሁለት ኩባያ ውሃ። ግማሽ ሰዓት ጋደም።

በቀን ሁለቴ ይበቃል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ 10 ሰዓት ላይ። እኩለ ቀን ላይ ቆላ ራሱ ፍል ውሃ ነው።

መመለስ

በዚያው በመጀመሪያው ጉዞ ስህተቴ አልበቃኝም። ማደሪያ አላስያዝኩም ነበርና በዚያው ቀን ለመመለስ ተነሳን። እቴቴ ከውስጥ የለበሱት ገና እርጥብ ነው። ጋቢውን ውሃው ዳር አንጥፈን ተቀምጠንበት ረጥቧል። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ ከሥር ገባ። 11 ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየተንከባለለ መጣና አስፓልቱን ዋጠው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። እቴቴ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። አንድ የማላውቀው ገበሬ በርኖሱን አውልቆ ደረበላቸው። ቤት ስንደርስ ጉልበታቸው ከሄድንበት ቀን ይልቅ ተቆራምዶ ነበር። ሳምንት አልተነሱም።

"ብርድ መታት" ይላል ሰው። ሐኪሙ ደግሞ ሲያብራራልኝ፣ የሰፋ የደም ሥር ድንገት ብርድ ሲያገኘው ይኮማተራል፣ የተፍታታው ጡንቻ ይታሰራል፣ የአሮጌ ሰው ግፊትም ድንገት ይወጣል አለኝ። ሁለቱም ያው ናቸው፤ ደርቆና ሞቆ መመለስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። የመጨረሻው መታጠብ ከመመለሻው ቀን በፊት ባለው ማታ ይሁን። በመመለሻው ቀን ጠዋት ማንም ውሃ አይነካም፤ "ለመሰነባበቻ" የሚል ቢመጣም። ከቆላ 3 ሰዓት ገደማ ተነሱ፤ ጣርማ በርን ፀሐይ ከፍ ስትል ታልፋላችሁ። ጉሙ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላ ነው።

የታሰረው ፌስታል የሚፈታው ደብረ ሲና ላይ ነው። ሰው ጋቢ የሚለብሰው ሲበርደው ነው። እናንተ ገና እየሞቃችሁ ልበሱት። ጋቢ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ ሙቀት አይፈጥርም። ዋሻው ጋ ደርሶ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰው ላይ ጋቢ መደረብ የቀዘቀዘ ወጥ በእንቅብ እንደ መክደን ነው። ካልሲና የራስ መሸፈኛም አብረው ይደረጉ። ተሳፋሪው "ሰውዬ፣ ቆላ መሆናችንን ረሱት እንዴ?" ብሎ ይስቅባችኋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መስኮት ዝጉ የሚለው ያው የሳቀው ነው።

ቤት

ያን ቀን ማታ ትኩስ አጥሚት፣ እንቅልፍ። በማግስቱ ከባድ ሥራ የለም።

ምን ትጠብቃላችሁ? እቴቴ ከፍል ውሃ ሲመለሱ ለሦስት አራት ሳምንት ደረጃ ሳይቃትቱ ይወጣሉ፣ ሌሊትም ይተኛሉ። ከዚያ ይመለስባቸዋል። ያለቀ የመገጣጠሚያ ልስላሴን የሚመልስ ውሃ አላየሁም። ውሃ ውስጥ የሠሩትን መታጠፍና መዘርጋት ቤት አልጋ ላይ ከቀጠሉበት ግን እፎይታው ይረዝማል። ቀዩን ላስቲክ ባልዲ ሞቅ ባለ ውሃ ሞልቼ ማታ ማታ እግራቸውን እነክርላቸዋለሁ። ሽታው ነው የጎደለው ይላሉ።

የጠቆረው መስቀል በደቃቅ አመድና በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ይመለሳል። የጥርስ ሳሙናም ይሠራል። እቴቴ አመዱን ነው የሚመርጡት። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ ያሹታል። ጫፉ ላይ ትንሽ ጥቁር ሁልጊዜ ይቀራል። እሱን ለከርሞ ተዪው ይሉኛል።